«ና ያት» ምን ማለት ነው? (የሩሲያኛ ፊደልና አነባበብ)

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሩሲያኛ በራሴ እየተማርኩ ነው፤ ገና ፊደሉ ላይ ነኝ። ለልምምድ በያዝኩት ንባብ ውስጥ አንዱ ሰውዬ ምሳውን ቀምሶ «ና ያት!» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ «ያት» የቀረ የድሮ ፊደል ስም ነው ይለኛል። ፊደልና ምሳ ምን አገናኛቸው? ቃላቱስ ለምንድነው እንደተጻፉት የማይነበቡት?

ጋሽ ቮሮኔዥ፦
«ና ያት» ማለት «እንከን የማይወጣለት፣ እጅግ ጥሩ» ማለት ነው፣ ልጄ። እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ ሩሲያኛ ያት የምትባል ፊደል ነበረችው። ድምጿ ከ«ዬ» ጋር አንድ ሆኖ ስለነበር የትኛው ቃል በየትኛዋ እንደሚጻፍ በጆሮ አይለይም፤ ተማሪው በቃሉ መያዝ ነበረበት። ያትን ሳይስት የጻፈ ጎበዝ ተባለ። አንድን ነገር «ና ያት» ማወቅም ጥንቅቅ አድርጎ ማወቅ ሆነ፤ ከዚያ ለምሳውም ተረፈ። በ1918 የአጻጻፍ ማሻሻያ ፊደሏ ወጣች፤ አባባሉ ግን አለ።

ንጉሡ ሠ፦
ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛው የሞክሼ ሆሄያት ነገር ነው! እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በግእዝ ግን «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌባ ሥራ። ሩሲያኛም በዚያው ማሻሻያ ያጣው አለ፦ «ሚር» ሰላም ሲሆንና ዓለም ሲሆን በሁለት የተለያዩ «ኢ»ዎች ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሆኗል። ሞክሼዎቻችን ይቀነሱ ሲባል የምቃወመው ለዚህ ነው።

ጋሽ ቮሮኔዥ፦
ልክ ነህ፤ ግን «ሚር» ላይ የተደናገረ ሩሲያዊ አላየሁም፣ ከዐውዱ ይለየዋል።

ወደ አነባበቡ ልምጣ። የተማርኩበትን ከተማ ስም ውሰጂ። እኛ «ቮሮኔዥ» እንላለን፤ ፊደሉም እንደዚያ ነው። የአገሩ ሰው ግን «ቫሮኒሽ» ይላል። ድምፁ የሚበረታው «ሮ» ላይ ስለሆነ እሱ ብቻ «ኦ»ውን ይጠብቃል፤ ያልበረታው የመጀመሪያው «ኦ» ወደ «ኣ» ይሄዳል፣ «ዬ»ውም ወደ «ኢ» ይጠጋል። መጨረሻ ላይ ያለው «ዥ» ደግሞ «ሽ» ይሆናል። «ኽሌብ»ም (ዳቦ) «ኽሌፕ» የሚባለው በዚሁ ደንብ ነው። ይህን አንድ ቃል በደንብ ከያዝሽ ግማሹን መንገድ ሄድሽ። ችግሩ፣ የሚበረታው የቱ እንደሆነ በመደበኛ ጽሑፍ ላይ በምልክት አይታይም፤ እኛ የ«ገና»ን መጥበቅና መላላት እንደማንጽፈው ሁሉ። «ሙካ» መጀመሪያው ሲበረታ ሥቃይ ነው፣ መጨረሻው ሲበረታ ዱቄት። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትይዢ ምልክቱ ካለበት መዝገበ ቃላት ያዢ። ከሥሩ በአማርኛ ፊደል አትጻፊበት፤ ዓይንሽ ወደ አማርኛው ይሸሻል።

ሳድስ፦
እኔ ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚንገላቱበት አንድ አናባቢ አለ፤ ለኛ የሳድሳችን ድምፅ ነው ቢባል ይቀላል። «ት»ን በሳድስ ድምፅ ሳብ አድርጊው፣ «አንተ» አልሽ። «ም»ን እንዲሁ፣ «እኛ» አልሽ። ለኛ የሚከብደው የሚለሰልሱት ተነባቢዎች ናቸው። «ብራት» በጠንካራ «ት» ወንድም ነው፤ በለስላሳ «ት» ደግሞ መውሰድ። «ን» ወደ «ኝ» ሲሄድ ምላስሽ ላንቃሽን እንደሚነካው አድርገሽ «ት»ን ሞክሪው።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! «ምሽ» ስል አይጥ ማለቴ ነው ማለት ነው? ጋሼ፣ ሌላም የፊደል አባባል ካለ ይንገሩኝ።

ጋሽ ቮሮኔዥ፦
አዎ፣ አይጥ ነው፤ «ሽ»ዋን ጠንከር አድርጊያት። አባባል ካልሽ፣ «ያ» እኔ ማለት ነው፣ የፊደሉም መጨረሻ ናት። «እኔ፣ እኔ» የሚል ልጅ ሲያስቸግር፣ «ያ የፊደሉ የመጨረሻዋ ናት» ይሉታል። እኛ «ሀ ብሎ ጀመረ» የምንለውን ደግሞ ከ«አዝ» መጀመር ይሉታል፤ አዝ የ«አ» የጥንት ስሟ ነው።