ሬዚደንቶችን ለተላላፊ በሽታዎች ምርምር ማዘጋጀት፦ 2 ወር ይበቃል?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲያችን (የሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና) 3 ዓመት ነው፤ ለምርምር የተተወው ጊዜ ግን በመጨረሻው ዓመት ያለው 2 ወር ብቻ ነው። በተላላፊ በሽታዎች ምርምር መቀጠል የሚፈልጉት ሬዚደንቶች 2ቱን ወር የታካሚ ካርድ ሲያገላብጡ ይጨርሱትና ጽሑፉ ሳያልቅ ይመረቃሉ። ጊዜው ይጨመር ወይስ አሠራሩ ይለወጥ?

ኮሆርት፦
ቢጨመር ጥሩ ነበር፤ ግን 2 ወሩን የሚበላው ዝግጅቱ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻውን ወራት ሊወስድ ይችላል። ጥያቄው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ይለይ፣ ፕሮቶኮሉ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ይግባ፤ 2ቱ ወር ለመረጃና ለትንተና ይቀመጥ። ወሮቹንም በሳምንት አንድ ቀን እያሉ አይበትኗቸው፤ ተረኝነት ይውጣቸዋል።

መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ውጤቱ የሚገባባቸውን ባዶ ሠንጠረዦች ያሠሯቸው። ሠንጠረዡን መሥራት ያቃተው ሬዚደንት ጥያቄው ገና አልጠራለትም። ከዚያ ክስተቶቹ ይቆጠሩ። 200 የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ባክቴሪያ የደም ኢንፌክሽን ታካሚዎች ቢኖሩና 15 በመቶው ቢሞቱ፣ ያለዎት 30 ሞት ነው። ለአንድ ተለዋዋጭ (እንደ ዕድሜ ያለ፣ ከሞት ጋር ያለው ግንኙነት የሚታይ ነገር) 10 ክስተት በሚለው የተለመደ ግምት የትንተናው ሞዴል 3 ተለዋዋጭ ያህል ይሸከማል። 14 ቢጭኑበት በአጋጣሚ የመጣ ውጤት እንደ ግኝት ይጻፋል።

አንድ ነገር አይዝለሉ፦ የመጀመሪያዎቹን 20 ካርዶች ሁለት ሰው ለየብቻ ይሙላቸው። የማይስማሙበት ዓምድ ፍቺው ይታረም። «የኢንፌክሽኑ ምንጭ» የሚለው ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚያለያየው ነው።

ከላብራቶሪ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ላብራቶሪ ሳይገቡ የላብራቶሪ መረጃ መተንተን አደገኛ ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት ካልቸር (ባክቴሪያ የሚያበቅለው ምርመራ) ሲነበብ አጠገቡ ይቀመጡ። ከበርካታ የደም ካልቸር ጠርሙሶች በአንዱ ብቻ የበቀለ ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፊሎኮከስ (ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ) አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ የገባ ብክለት እንደሆነ እዚያ ይገባቸዋል።

የባክቴሪያ መድኃኒት መላመድን ለሚያጠኑ፦ ከአንድ ታካሚ የአንድ ዝርያ የመጀመሪያው ናሙና ብቻ ይቆጠር። ካልሆነ ረጅም የተኛው፣ ደጋግሞ የተመረመረው ሰው መቶኛውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ከ30 በታች ናሙና ላለው ዝርያም መቶኛ አይጻፍ። «ይሠራል፣ አይሠራም» የሚለውን ፍርድ ብቻ ሳይሆን የኤምአይሲውን ቁጥር (ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያግደውን ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን) ይመዝግቡ፤ መለኪያው ይቀየራልና። የላብራቶሪ መመዘኛ የሚያወጣው የአሜሪካ ተቋም ሲኤልኤስአይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንቲባዮቲኩ ሴፍትሪያክሶን የኢንተሮባክቴሪያሲዬን (ኢ. ኮላይ ያለበት የባክቴሪያ ቤተሰብ) «ይሠራል» የሚያሰኝ መቁረጫ ከ8 ወደ 1 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር አወረደው። ኤምአይሲው 4 የሆነ ኢ. ኮላይ ከዚያ በፊት «ይሠራል»፣ ከዚያ በኋላ «አይሠራም» ነው። ይህን ያላየ ጽሑፍ የመለኪያ ለውጥን የመላመድ ጭማሪ ብሎ ያቀርባል።

ናሙናዎቹም አይጣሉ፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ በ−80 ዲግሪ ይቀመጡ። የሚቀጥለው ሬዚደንት ጥያቄ እዚያ ውስጥ ነው።

ቁጥር፦
በዚህ ዘርፍ በጣም የሚደጋገመውን ስሕተት ልጨምር። «የኢንፌክሽን ስፔሻሊስት ያየው ታካሚ ሞቱ ይቀንሳል» የሚል ጥናት ላይ፣ በ4ኛው ቀን የታየው ታካሚ እስከ 4ኛው ቀን በሕይወት መቆየቱ ግድ ነው። በ2ኛው ቀን የሞተው ደግሞ ሳይታይ ስለሞተ «ያልታየ» ተብሎ ይመዘገባል። ልዩነቱ ከምክሩ ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀን ወስነው፣ ለምሳሌ 3ኛውን ቀን፣ እስከዚያ የኖሩትን ብቻ በዚያ ቀን በነበሩበት ምድብ ያነጻጽሩ፤ ወይም መታየቱን በጊዜ የሚለወጥ ተለዋዋጭ አድርገው ያስገቡት። ፕሮቶኮሉ ላይ «ቀን 0 (ክትትሉ የሚጀምርበት) መቼ ነው?» የሚል መስመር ይኑር።

አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አማካሪ ስንት ይመደብ?

ኮሆርት፦
ሁለት፦ አንዱ በሽታውን፣ ሌላው የጥናት ዘዴውን የሚያውቅ። በ2 ሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ፣ ሁለቱም ባሉበት ይገናኙ፤ ለየብቻ ካገኟቸው ሬዚደንቱ በሁለት የሚጋጩ ምክሮች መሀል ይቀራል። የደራሲነት ቅደም ተከተሉንም ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስማሙበት፣ ሬዚደንቱ ቢመረቅ ጽሑፉን ማን በስንት ወር እንደሚጨርሰው ጭምር።