የወረዳ በጀት የሚቀበል ሬዲዮ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሊባል ይችላልን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ ገጠር ወረዳዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ቢቋቋም ወጪው ከወረዳ አስተዳደር በጀት ይሸፈን ወይስ አድማጩ ራሱ አዋጥቶ ያቁመው?

መምህር፣ ከኩታበር፦
በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የማኅበረሰብ ብሮድካስት ለትርፍ የማይሠራና የማኅበረሰቡ የሆነ አገልግሎት ነው። ደመወዙን ከወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሚቀበል ጋዜጠኛ ማዳበሪያ በወቅቱ ያልደረሰው በማን ጥፋት እንደሆነ ይጠይቃል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። የስብሰባና የጉብኝት ዜና የሚሠራ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በየወረዳው አለ፤ ያንኑ በአየር ላይ ለመድገም ማሰራጫ መግዛት ትርፉ ምንድን ነው?

የግብርና ባለሙያ፣ ከአምባሰል፦
መምህር፣ ስጋትዎ የሚናቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ክርክሩን ከዜና ስለጀመሩት ገበሬው ሬዲዮ የሚከፍትበት ምክንያት ወደ ጎን ቀርቷል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲወር ማሽላውና ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነበር። መንጋው ሲመሽ ዛፍና ሰብል ላይ አርፎ የሚያድር፣ ማለዳም ፀሐይ እስኪያሞቀው ድረስ የማይነሳ በመሆኑ ርጭት ይበልጥ የሚያዋጣው በዚያች አጭር ሰዓት ነው፤ ስለሆነም የትኛው ጎጥ ላይ እንዳደረ ማታውኑ መታወቅ ነበረበት። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚሰራጭ ሬዲዮ የዞናችንን ስም ይጠራ ይሆናል፤ የጎጣችንን ስም ግን ማን ይጠራልናል? ለዚህ አገልግሎት ወረዳው ቢከፍል ነውሩ አይታየኝም።

የሬዲዮ ቴክኒሺያን፣ ከኮምቦልቻ፦
ስለ ደመወዝ ስትከራከሩ ሌላውን ወጪ ዘላችሁታል። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል። ምሰሶው በወረዳው ከተማ ቢተከል ከተሜው ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርዱት የቆላ ቀበሌዎች ግን፣ ማለትም ጣቢያው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች፣ ሹሹታ ብቻ ይደርሳቸዋል። አብዛኛው ሰው የሚያዳምጠው በእጅ ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ እንደ አንቴና እየተጠቀመ መሆኑም አይዘንጋ፤ እንዲህ ያለው መቀበያ ደካማ ሞገድ አይችልም። ስለዚህ ምሰሶው ከፍታ ላይ መውጣት ይኖርበታል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ መንገድም መብራትም የለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መብራትና ስልክ በተቋረጠባቸው አካባቢዎች በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ የነበረው ሰው ምን ያህል እንደተጠቀመ የምናውቅ እናውቀዋለን፤ ማሰራጫውም የራሱ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ከሌለው በእንዲህ ያለው ቀን ቀድሞ ዝም የሚለው እርሱ ነው። የእኔ ሐሳብ፣ ወረዳው ቦታውን፣ ምሰሶውንና የኃይል ምንጩን አንድ ጊዜ ይስጥ፤ ደመወዙን ግን ቅሬዎች፣ ማለትም የቀብር መረዳጃ ዕድሮቻችን፣ ያዋጡ።

የቅሬ ሰብሳቢ፣ ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ የቅሬ ገንዘብ የከፈንና የንፍሮ ገንዘብ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ቢወጣ አባላቱ ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። በሌላ በኩል የሙስሊሙ ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም፣ በሌላ ቀበሌ ያለ ዘመድ ጠዋት ካልሰማ ከቀብር ይቀራል። ስልክ በማይይዝበት ቦታ ዛሬም መልእክተኛ በእግር ይላካል። ለእንዲህ ያለው ማስታወቂያና ለጠፋ ከብት በየጊዜው ብንከፍል አባላቱ አይከፋቸውም።

መምህር፣ ከኩታበር፦
ሰብሳቢ፣ ከሐዘንተኛ ገንዘብ የሚቀበል ሬዲዮ አያምርብንም፤ የጠፋ በሬ የሚያፈላልግ ሰው ይክፈል፣ የቀብር ማስታወቂያ ግን በነጻ ይሁን። የቴክኒሺያኑን ሐሳብ በከፊል እቀበላለሁ። ምሰሶውን የተከለ አካል ግን በተቆጣ ቀን ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላልና፣ ንብረቱ ለጣቢያው በስጦታ መተላለፉ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

የቅሬ ሰብሳቢ፣ ከሐይቅ፦
የቀብሩን ነገር በደስታ ተቀብያለሁ። ከንብረቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥራ አስኪያጁን የሚሾመውና የሚያነሳው ማን እንደሆነ ነው። ቦርዱ ውስጥ የቅሬ ተወካዮች ቁጥር ከወረዳው ሹማምንት መብለጡ በመተዳደሪያ ደንቡ ካልሰፈረ፣ እኔ ለአባላቶቼ አዋጡ ብዬ አልናገርም።