ወንድሜ እኔንና እማየን ካሪቢያን ላሳርፋችሁ ይላል፣ ጭር ያለችው ደሴት የትኛዋ ናት?

የቡሬዋ መምህርት

እንዴት ናችሁ ወገን፣ ከረማችሁ? የምጠይቀው ነገር በዚህ ኑሮ ቅንጦት ይመስላልና ብቻ እንዳትስቁብኝ። ወንድሜ ቶሮንቶ ነው ያለው፣ እኔንና እማየን ወስዶ ቤቱን ሊያሳየን ስንት ዓመት ሲሮጥ ከርሞ ዘንድሮ ቪዛው ወጣልን፣ ከጥምቀት ማግስት እንነሳለን። አሁን ደሞ "ጥር እዚህ በረዶ ነው፣ እማየ ቤት ተዘግቶባት ከምትከርም አንድ ሳምንት ካሪቢያን ወስጀ ላሳርፋችሁ" ብሎ ተነሳ። እማየ 68 ዓመቷ ነው፣ ለለቅሶና ለንግሥ ካልሆነ ከቡሬ ወጥታ አታውቅም፣ እረፍት ማለት ለሷ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና ነው። "ውኃ ዳር ተጎልቸ ምን ልሠራ ነው፣ እንዝርቴን ልያዝ?" እያለች ስታስቀን ነው የሰነበተችው።

ግን የላከልኝን ቪዲዮ ሳየው ሆቴሉ እንደ ገበያ ቀን ሰው የሚጋፋበት፣ ሙዚቃው የሚያደነቁር፣ ውኃው ውስጥ ሆነው መጠጥ የሚታዘዝበት ነው፣ እማየን እዚያ ማስቀመጥ ማለት ደሞ ማሳረፍ ሳይሆን መቅጣት ነው። እኔ የምፈልገው ጠዋት ወፍና ውኃ ብቻ የሚሰማበት፣ ሆቴል ያልወረረው ቦታ ነው። ከጃማይካ ሌላ ስም እንኳ አላውቅም። ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አይሆናትም። ሁዳዴ ሳይገባ እንመለሳለን ግን ረቡዕና ዓርብን ሞታ አትሽርም፣ ምን ትበላለች? ያ ቤት የሚነቅል ነፋስ የሚሉትስ ጥር ላይ አለ ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ በእናታችሁ።

ጣና ዳር

ኧረ እትየ! 37 ደሴት ያለው ሐይቅ ደጃፍሽ ላይ ተዘርግቶ ካሪቢያን? ደቅ ሄደሽ ናርጋ ሥላሴ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ በይ፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ ጀምሮ ጸጥ ያለ ነው፣ ማንም ሙዚቃ አይከፍትብሽም። ታንኳ ላይ ጉማሬ ካልገጠመሽ በስተቀር የሚረብሽሽ የለም 😂

ዳሞቴው

ጣና ዳር ወንድሜ ትክክል ነህ ግን ሰውየው እናቱን ከበረዶ ሊያወጣ ነው እንጅ ጣናን ሊንቅ አይደለም።

እህቴ እኔ ደንበጫ ነው የተወለድሁት፣ ቶሮንቶ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ላይ ከባለቤቴ ጋር ቤክዌይ የምትባል ደሴት አሥር ቀን ነበርሁ (አጻጻፏ ሌላ ነው፣ ሲጠሯት ግን ቤክዌይ ነው የሚሉት)። ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ የሚባለው አገር ውስጥ ናት፣ ስፋቷ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧ 5 ሺህ ቢሆን ነው፣ ማለት ከአንድ ቀበሌ የማትበልጥ። ለናንተ የምመክረው እሷን ነው። ለምን ጭር አለች ካልሽ ትልቅ አውሮፕላን አያርፍባትም። ከቶሮንቶ በቀጥታ ዋናው ደሴት ላይ ያለው አርጋይል ኤርፖርት ትወርጃለሽ፣ እሱም በፈረንጆቹ 2017 ላይ ነው የተከፈተው፣ ከዚያ በታክሲ ኪንግስታውን ወደብ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በጀልባ። ያችን አንድ ሰዓት የሚሰንፍ ቱሪስት እዚያው ይቀራል፣ ቤክዌይን ያተረፋት ይሄ ነው በኔ ግምት።

ጀልባዋን ግን አልዋሽሽም። መሀል ላይ ባሕሩ ያነሳታል ያፈርጣታል፣ ባለቤቴ ኪዳነ ምሕረትን ስንቴ እንደጠራች። እማማን ከታች ሳሎኑ ውስጥ እንዳታስቀምጫቸው፣ ከኋላ በኩል ክፍቱ ላይ፣ ዓይናቸው ተራራውን እያየ፣ ዝንጅብል አፋቸው ውስጥ ይሁን።

ከደረሳችሁ በኋላ ሥራ የላችሁም። ወደቡ ፖርት ኤልዛቤት ይባላል፣ ባሕሩ ልክ እንደ እጅ መዳፍ የተከበበ ስለሆነ ውኃው ተኝቷል። ከዚያ በውኃው ዳር ለዳር የእግር መንገድ አለ፣ ዳገት የለውም፣ በፕሪንሰስ ማርጋሬት ስም የተጠራ የባሕር ዳርቻም አለ፣ የእንግሊዟ ልዕልት በፈረንጆቹ 1958 ላይ መጥታ ስለነበር ነው። ከሱ አለፍ ብሎ ያለው ሎወር ቤይ የሚባለው ለኔ ይበልጣል። አንድ ቀን እዚያ ጠዋት ቁጭ ብየ ጡሩምባ ሰማሁ፣ ቀብር አለ እንዴ ብየ ደነገጥሁ፣ የኛ ሰው ጡሩምባ ሲሰማ ሌላ ምን ያስባል። ለካ ዓሣ አጥማጁ ነው፣ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቀፎ እየነፋ "ዓሣ መጥቷል" ማለቱ ነው። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ከየቤቱ ወረዱ፣ በአሥር ደቂቃ አለቀ፣ መንደሩ ተመልሶ ዝም አለ። በሳምንቱ ውስጥ የሰማሁት ትልቁ ጫጫታ እሱ ነው።

ውኃ ላይ እንድትጠነቀቁ፣ ደሴቷ ወንዝ የላትም። እያንዳንዱ ቤት የዝናብ ውኃ ከጣራው አጠራቅሞ ነው የሚጠቀመው፣ ጥር ደሞ እዚያም በጋ ነው። እኛ ያረፍንበት ቤት ባለቤቷ ሴትዮ ባልዲውን እያየች ነው የምታወራሽ።

ሰከላ ነኝ

ለእናትሽ ከሆነ ዶሚኒካ የምትባለውንም ደሴት አስቢያት። ግን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አይደለችም!! ይሄን በጩኸት ነው የምጽፈው፣ የማውቀው ልጅ ለስብሰባ ዶሚኒካ ሲጠራ አዲስ አበባ አንድ ትኬት ቢሮ ሳንቶ ዶሚንጎ (የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ) ቆርጦለት ቦሌ ላይ ነው የነቃው፣ ብሩም ሙሉውን አልተመለሰለት። ዶሚኒካ ዋና ከተማዋ ሮዞ ነው፣ ሰዉ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፣ እነሱ 365 ወንዝ አለን ለቀኑ አንድ አንድ ይላሉ፣ ይሁን ብለን እንለፈው። ሞርን ትሯ ፒቶን የሚባለው ፓርክ ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 1997 ላይ የመዘገበው ነው፣ ውስጡ እንደ ድስት የሚንተከተክ ሐይቅ አለ ግን እሱጋ መድረስ የሙሉ ቀን ዳገት ነው ለናንተ አይሆንም። የሚሆነው ዎተን ዌቨን የሚባለው መንደር ነው፣ ፍል ውኃ አለ፣ እንደ ዋንዛየ በይው፣ ድኝ የሚሸት፣ ለጉልበት ሰው ተቀምጦ የሚነከርበት። እማማ "ፀበል ነው" ብለው እንደማይወጡ ልንገርሽ። ነጭ አሸዋ ካላችሁ ግን እዚያ ብዙ የለም፣ አሸዋው ጥቁር ነው፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ስለሆነ። አገሩም ዳገት በዳገት ነው፣ ከመኪና ሳትወርዱ ካልሆነ ትደክማላችሁ።

የእንጅባራ ልጅ

ስለ ነፋሱ እኔ ልመልስ፣ የተማርሁት እሱን ስለሆነ። የዚያ አገር የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፣ ዋናው ደሞ ነሐሴና መስከረም። ጥር ላይ አትፍሩ። ግን ቀልድ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2017 ላይ ማሪያ የተባለው ዶሚኒካን ጣራ አላስቀረላትም፣ 2024 ላይ ደሞ ገና ወቅቱ ሲጀምር ጁላይ 1 ቀን ቤሪል የሚባለው ካሪያኩና ዩኒየን የሚባሉትን ደሴቶች አፈራረሳቸው፣ ሁለቱም ከቤክዌይ ወደ ደቡብ ያሉ ጭር ያሉ ደሴቶች ናቸው፣ ስለዚህ ዋጋ ረክሶ ካያችሁ ወሩን ተመልከቱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይገርማችኋል። እነዚህ አውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ የሚነሱት ከአፍሪካ በክረምት ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው፣ የሞገዱን መነሻ ደሞ የዘርፉ ሰዎች እስከ ዳርፉርና እስከኛ ደጋ ድረስ ይከተሉታል። ማለት ሐምሌ ላይ እኛ ላይ ያጉረመረመ ሰማይ ሱዳንን አቋርጦ ሴኔጋል ላይ ባሕር ገብቶ እዚያ ሲሞቀው ሌላ አውሬ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አይሆንም፣ አብዛኛው መንገድ ላይ ይሞታል። ግን ነጎድጓዳችን እስከዚያ ድረስ መሄዱ አይገርምም? 😅

ሌላው፣ ቤክዌይ ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 11 ከምናምን። ፀሐይዋ ያችው ናት፣ እዚያም ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የምትጠልቀው። ልዩነቱ እኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን እነሱ ባሕሩ ላይ ናቸው፣ ሙቀቱ ይለያል፣ እማማ ሹራብ አያስፈልጋቸውም።

የቡሬዋ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ለእማየ አነበብሁላት። ፍል ውኃው ላይ ዓይኗ በርቶ ነበር ዳገቱን ስትሰማ ተወችው። የጣራውን ውኃ ስትሰማ ደሞ "ይሄን ያህል ገንዘብ ከፍለን በርሜል ልንቀዳ ነው?" አለች። የጡሩምባውን ግን ሁለቴ አስደገመችኝ። ዳሞቴው፣ ምግቡን ሳትነግረኝ አለፍህ፣ ቤተክርስቲያንስ አለ ወይ?

ዳሞቴው

ይቅርታ፣ ምግቡ ቀላል ነው። የዳቦ ፍሬ የሚሉት አለ፣ ጭንቅላት የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ፣ ከሰል ላይ ጥቁር እስኪሆን ይጠብሱትና ልጣጩን ሲገፉት ውስጡ ልክ የተጠበሰ ድንችና ድፎ ዳቦ መሀል ነው። ጎደሬ አለ፣ ቅጠሉን ካላሉ ብለው እንደ ጎመን ይሠሩታል፣ የርግብ አተር የሚሉት ጥራጥሬ በሩዝ አለ፣ ሙዙ ዓይነቱ ብዙ ነው። "ቅቤ አታግቡበት" በይ ብቻ፣ ካላሉም ላይ አንዳንዴ ሥጋ ይጥሉበታል ጠይቂ። ዓሣውን ለነፍስ አባታቸው ትቼዋለሁ፣ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሱፐርማርኬት ውድ ነው፣ ሁሉም በመርከብ ስለሚመጣ። ገንዘባቸው የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ነው የታሰረው፣ ከፈረንጆቹ 1976 ጀምሮ አልተነካም (እዚህ ላይ ዝም ልበል)።

ቤተክርስቲያን፣ የኛ ተዋሕዶ ጃማይካና ትሪኒዳድ አለ፣ ቤክዌይ ላይ ግን የለም፣ እሁድን እቤት በጸሎት ማሳለፍ ነው። ግን የሆነውን ልንገርሽ። ወደቡ ጋ የአትክልት ገበያ አለ፣ ሻጮቹ ብዙዎቹ ራስታዎች ናቸው፣ ግዙን ግዙን እያሉ ያስቸግራሉ። አንዱ ከየት ነህ ሲለኝ ኢትዮጵያ አልሁት። ያዘውን ማንጎ አስቀመጠ። ተነሳ። ጃንሆይ 1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ጃማይካ የገቡበትን ቀን እንደ ልደቱ ነው የነገረኝ። ከዚያ "ላሊበላን እንዴት ነው?" አለኝ። አላየሁትም ማለት አፈርሁ፣ የጎጃም ሰው ሆኜ ላሊበላን ሳላይ ካሪቢያን መጥቸ። ማንጎውን በነጻ ሰጠኝ፣ የተሰማኝን ተይው። እማማ ነጠላቸውን አድርገው በዚያ ገበያ ካለፉ ቅርጫት መያዝ አይጠበቅባቸውም።

ሦስት ማስጠንቀቂያ። ባሕሩ ዳር መንችኒል የሚባል ዛፍ አለ፣ ፍሬው ትንሽዬ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ እንዳትነኩት፣ ወተቱ ከኛ ቁልቋል የባሰ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ብትጠለይ እንኳ የሚንጠባጠበው ቆዳሽን ያቃጥላል። አንዳንድ ቦታ ግንዱን ቀይ ቀለም ይቀቡታል፣ ያልተቀባም አለ። ሁለተኛ፣ ወንድምሽ የወታደር ቀለም ያለው ሱሪ ምናምን ካለው ቶሮንቶ ትቶት ይምጣ፣ እዚያ አገር ሲቪል ሰው መልበሱ በሕግ ክልክል ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ የካናዳ ቪዛችሁ መልቲፕል መሆኑን ፓስፖርታችሁ ላይ እዩ። ነጠላ መግቢያ ከሆነ ካሪቢያን ወጥታችሁ ተመልሳችሁ መግባት የለም። የሴንት ቪንሰንትንም መግቢያ ወንድምሽ ትኬት ሳይቆርጥ ራሳቸውን ይጠይቅ፣ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ካገኘ ደሞ ይተወው፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻም ቪዛ ይጠይቋችኋል።

ጣና ዳር

እሺ ተረታሁ። ግን እማማ ሲመለሱ ደቅ በነጻ እወስዳቸዋለሁ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ። ያወዳድሩልን።

የቡሬዋ መምህርት

ቪዛውን አየሁት መልቲፕል ነው ተመስገን። ወንድሜም ቤክዌይ ይሁን ብሏል፣ እሁድ ልንገባ ነው የሚለው። እማየ ደሞ አሁን ክርክሯ ስለ ጋቢ ነው፣ ይያዝ አይያዝ። የእንጅባራው ሹራብ አያስፈልግም ብሏላ።

ዳሞቴው

እሁድ የጀልባው ምልልስ ያንሳል፣ ቅዳሜ ወይ ሰኞ አድርጉት። ጋቢውን ያዥላት፣ ለጀልባው።