ለወንድሜ አሮጌ ሞተር ልገዛለት ነው፣ ስንት ልክፈል?

ከቶሮንቶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ሲና ነው ያለው። ያገለገለ ቦክሰር ሞተር ሳይክል አገኘሁ ብሎ ፎቶ ላከልኝ፣ ሻጩ 120 ሺህ ነው የሚለው። በዶላር ስመታው ብዙም አልመሰለኝም። ልላክለት ወይስ ይቅር?

ከፍራንክፈርት፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዶላሩን እርሺው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁላችንም እዚህ ቁጭ ብለን ስናሰላ ሁሉ ነገር ርካሽ ይመስለናል። ሻጩም ይህን ያውቃል። "እህቱ ካናዳ ናት" የሚል ወሬ ከደረሰው ዋጋው በአንድ ሌሊት ይጨምራል። ወንድምሽ ስላንቺ ትንፍሽ እንዳይል።

እኔ ባለፈው ገና ለአክስቴ ልጅ ስንገዛ እዚያው ደብረ ሲና ነበርኩ። ሞተሩ የመጣው ከሸዋ ሮቢት ነው። ደላላው ጠዋት 1 ሰዓት ቀጠረን፣ ስንደርስ አንዴ ሲረገጥ ተነሳ። ደስ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ብረቱን በመዳፉ ነክቶት ነበር፤ ትኩስ ነው። እኛ ሳንደርስ አሙቀውታል። "ነገ እንመለሳለን፣ ማንም እንዳይነካው" አልን። በነጋታው ስምንት ጊዜ ተረገጠ።

ተነስቶም ጥቁር ጭስ ለቀቀ። እኔ በቃ አልቆለታል ብዬ ነበር፣ መካኒኩ ሳቀብኝ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ካርቡሬተሩ ለዚያ አየር የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። በመፍቻ የሚያልቅ ነገር ነው። የሚያስፈራው ሰማያዊው ጭስ ነው፣ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነውና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ሲብስም ሲሊንደር ያስነካል። የኛው ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ሰማያዊም ነበረበት።

ከዚያ ሁለት ሆነው ወደ ጣርማበር ዋሻ ዳገቱን ወጡ። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይገፋም፤ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ተበልቷል። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አዩት፣ እሱ ደህና ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንማ ዞር ብለንም አላየነው፣ ገመዱ ከተነቀለ ስንት ዓመት እንደሆነው ማን ያውቃል።

ዋጋውን ያወጣነው እንዲህ ነው። እዚያ አካባቢ ደህና የተያዘ ተመሳሳይ ሞተር በስንት እንደተሸጠ ሦስት ሰው ጠየቅን፣ 110 ሺህ ገደማ አሉን። ፋሻው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የኋላ ጎማውና ካቴናው ከነጥርሱ፣ የእጅ ዋጋም ተጨምሮ 25 ሺህ መጣ። ቀነስነውና 85 አልን። ሻጩ ተቆጥቶ ሄደ፣ ማታ ደወለ፣ 88 ላይ ተጨባበጥን። ያኔ የኛ ዋጋ ነው፣ አንቺ የዛሬውን አስጠይቂ። የደላላው ኮሚሽን ለብቻው ነው፣ ከወዲሁ ይነጋገሩ። ቦሎና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ካለፈበትም እሱም ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ደግሞ ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ያማሃ ዲቲ ካቀረቡለት (ዳገት ላይ ከቦክሰር እሱን እመርጣለሁ) ቀረጡ መከፈሉን ይጠይቅ። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። እግድ እንደሌለበት ትራንስፖርት ቢሮ ያጣራ። ገንዘቡም ውልና ማስረጃ ተፈራርመው እንጂ ቀድሞ አይከፈል።

ከቶሮንቶ፦ ተባረክ ወንድሜ። አሁን ደወልኩለት። ሊብሬው በሻጩ ስም አይደለም አለኝ፣ "የወንድሜ ነው፣ አረብ አገር ነው ያለው" ብሎታል።

ከፍራንክፈርት፦ እንግዲያው ውክልናውን ያሳያ። የመሸጥና ስም የማዛወር ሥልጣን የተጻፈበት መሆን አለበት። እስከዚያ ቀብድም እንዳይሰጥ፣ አንቺም እንዳትልኪ።