የድሬዳዋና የሐረር መምህራን የውኃና አካባቢ ትምህርት ሥልጠና ፕሮፖዛል፣ ሀሳባችሁን እዚሁ ጣሉ

የጂኦግራፊ መምህር፣ ሳቢያን፦
ሰላም አባላት፣ እኔ ልጀምር። ያለፈው ሥልጠና ሁለት ቀን አዳራሽ ተቀምጠን ፓወር ፖይንት አይተን ሰርተፍኬት ይዘን ወጣን፣ ሰኞ ክፍል ስንገባ ያው የመጽሐፉን የውኃ ዑደት ነው ሰሌዳ ላይ የሳልነው። አቦ ደቻቱ፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ ደጁ ላይ ላለ ልጅ እንዲህ ማስተማር ይከብደኛል። በኔ በኩል ሥልጠናው አሸዋው ላይም ይሰጥ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ጎርፉ ከደጋው ወርዶ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ፣ አሁን የምናስተምራቸው ልጆች ያኔ አልተወለዱም፣ ለነሱ ደቻቱ ኳስ ሜዳ ነው። መምህሩ እዛ ቆሞ ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ቀና ብሎ ቁልቁለቱንና የተራቆተውን ተዳፋት ሳያይ ውኃው ለምን እንደዛ እንደሚፈጥን እንዴት ያስረዳል?

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከዚራ፦
ልክ ነህ፣ ግን ጎርፍ ብቻ እንዳይሆን። የምንጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጩ ነገር ውኃው ከኖራ ድንጋይ አሟሙቶ ያመጣው ነው፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል፣ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ናይትሬት የሚባለው ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል ነው፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ እየሰረገ ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገባል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያወጣም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ስንት ዓመት ተማሪዎቼን "አፍሉት" ብቻ ብዬ ሸኝቻለሁ፣ ያንን ማረም እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ውኃ ውስጥ ነክረን መጠኑን የምናይበት መለኪያ ስትሪፕ በጀቱ ውስጥ ይግባልን።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ገንደ ቆሬ፦
ቲቸር ስትሪፑ ጥሩ ነው፣ ለኔ ከ60 በላይ ልጅ ግን አይዳረስም። እኛ ሃይላንድ ቆርጠን የዝናብ መለኪያ እንሥራ። 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1 ሊትር ነው፣ 200 ካሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ቢጥል 4000 ሊትር ይሆናል፣ የሚባክነው ተቀንሶም ስንት በርሜል እንደሚሞላ ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት። ደግሞ ማቴሪያሉ በአማርኛ ብቻ ከሆነ አልፈርምም፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛም ይሁን፣ የሚያስተምሩት ጓደኞቻችን አብረውን ናቸው።

የባዮሎጂ መምህር፣ ሐረር፦
የሀረማያን ሐይቅ እንዳትረሱ። ሐረር ስንት ዘመን ስትጠጣው የኖረችው ሐይቅ ደርቆ ዛሬ ውኃችን ከድሬ በኩል ሽቅብ በፓምፕ ነው የሚመጣው። አሁን ሐይቁ መልሶ ውኃ ይዟል፣ ስለዚህ የደረቀበትንም የተመለሰበትንም ቦታው ላይ ሆነን እናጥና። አደራ ገበሬውን ልንከስ አንሂድ፣ ጫትና አትክልት ማጠጣቱ አንድ ምክንያት ነው፣ ደለልም ትነትም አለ፣ ከተማውም ሲቀዳ ነበር።

የሒሳብ መምህር፣ ለገሀሬ፦
ሀሳቡ ያምራል፣ ግን ቅዳሜ አስጠንቶ ለሚያድር መምህር አበል ካልተያዘ አይመጣም።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ሳቢያን፦
ጋሼ እውነት ነው፣ ትራንስፖርትና ምሳ አስገባለሁ። ሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብናል አይደል፣ ከሱ 24ቱ ለዚህ ይያዝልን ብለን እንጠይቅ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በወር አንድ ቅዳሜ 3 3 ሰዓት፣ ሀረማያ ሙሉ ቀን ስለሆነ የሁለት ወር ይቆጠር። ዋናው ነገር በየመሀሉ እያንዳንዱ ክፍሉ ገብቶ ሞክሮ ምን እምቢ እንዳለው ይዞ ይምጣ። ደቻቱን ኅዳር ላይ አደርገዋለሁ፣ የዝናብ መለኪያውን በበልግ።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ገንደ ቆሬ፦
ኅዳርም ቢሆን ደጋው ላይ ደመና ከታየ አሸዋው ላይ መውረድ የለም፣ ፕሮግራሙ ይተላለፋል ብለህ ጻፍበት። ልጆቹንም የምናስተምረው ይሄንኑ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ሳቢያን፦
ከሁሉም በላይ አንደኛ ተራ ላይ ጽፌዋለሁ። ድራፍቱን ሐሙስ ማታ እልካለሁ፣ የስትሪፑን ዋጋ ቲቸር እስከዛ ጠይቂልኝ።