የስንፈተ ወሲብ ማሽኖች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጡ?

አወያይ፦ ቫኪዩም ፓምፑም «ሾክዌቭ» የሚሉት የድምፅ ሞገድ ማሽንም በቴሌግራም እየተሸጡ ነው። ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? የሚሳደብ ይወጣል።

የሰፈር ልጅ፦ ይፈቀድ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ልትሉኝ ነው። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣ ከኋላህ ሃያ ሰው ተሰልፎ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ስትባል ምን ትላለህ? እኔ «ወገቤን» ብዬ የወገብ ራጅ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።

ነርሷ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ሳቄ አመለጠኝ። በፓምፑ ላይ ብዙም አልቃወምህም። አሜሪካ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ ነው፤ ቪያግራ የመጣው ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ ነው። አየሩ ሲመጠጥ ደም ወደ ብልት ይገባል፣ ሥሩ ላይ የሚጠልቀው ላስቲክ ደሙን ይይዛል። ላስቲኩ ግን ከ30 ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው። ሻጩ ይሄን ይነግርሃል?

ከሜሪላንድ፦ ሾክዌቩን እኔን ጠይቁኝ። ስድስቴ ተመላለስኩ፣ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም፣ ከኪሴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለውጥ ያለ መሰለኝ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. «ገና በምርምር ላይ ያለ» ማለቱን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። እሱ ይከልከል።

ነርሷ፦ የኩላሊት ጠጠር ከሚሰብረው ጋር ዘመድ ነው፣ ኃይሉ ግን በጣም ያነሰ። አዲስ የደም ሥር ያበቅላል ተብሎ ነው የተጀመረው። ተስፋ የሰጡ ጥናቶች አሉ፤ ተስፋ ግን በዋጋ አይሸጥም።

ባለትዳር፦ የኔ ባል ፓምፑን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቆ አገኘሁት። ለሌላ ሴት መስሎኝ ሁለት ሳምንት አኮረፍኩት! ለመሆኑ ለሴት የተሠራ መሣሪያ እንዳለስ ታውቃላችሁ? በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፈቅዳዋለች። እዚህ ስለሱ የሚያወራ የለም።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ 63 ዓመቴ ነው። የልብ መድኃኒቴ ናይትሬት ስለሆነ እንደ ቪያግራ ያለው ኪኒን ለእኔ አይሆንም፤ የቀረኝ ፓምፑ ነው። ችግሩ ሲጀምረኝ አራት ዓመት በሥራ ሥርና በማር ደበቅሁት። ለካ ስኳር ነበረብኝ። ልቤን ሲይዘኝ ነው የታወቀው።

ነርሷ፦ ጋሼ የተናገሩት ነው ዋናው። የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል፤ መጥበብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። ማሽኑ በድብቅ ሲሸጥ ያ ምልክት አብሮ ይደበቃል።

የሰፈር ልጅ፦ ሲከለከልስ ሰው ወደ ሐኪም ይመጣል? ወደ ማሩ ነው የሚመለሰው።

ከሜሪላንድ፦ እንግዲያው ፓምፑን ፋርማሲ ይሽጠው፤ ስኳርና ግፊት ሳይለካ ግን አይስጥ።

የሰፈር ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ነርሷ፦ አንተስ ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?

የሰፈር ልጅ፦ ኧረ በፍጹም።

ነርሷ፦ ነገ ቁርስ ሳትበላ ሂዳ።

የሰፈር ልጅ፦ ካርድ ክፍሏስ?

ነርሷ፦ «ስኳር ልለካ» በላት። ማንም ዞር ብሎ አያይህም።