በጥምቀት የጨፈረች ልጅ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ለምን ያማታል?

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ 2ኛ ክፍል። እሑድ ማታ ዝም ትላለች። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳወጣላት «እማ፣ ሆዴን» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ሰገራ አስመረመርኳት፣ ምንም የለም። የወስፋት መድኃኒትም ዋጠች። ቅዳሜ ግን ገመድ ስትዘል ነው የምትውለው። አንድ ቀን ተናድጄ «አታስመስይ!» ብዬ እየጎተትኩ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰው ትፈራለች እንዳልል፣ ዘንድሮ ጥምቀት ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ አቋርጣ ከአክስቶቿ ልጆች ጋር እየጨፈረች ነው እስከ ጥምቀተ ባሕሩ የወረደችው።

መምህሯን ስጠይቅ «እሷማ ጨዋ ናት፣ ድምጿ አይሰማም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፣ ሞኝ! ቤት ገብቼ ደብተሯን ስገልጠው ገጹ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ተቀዷል። ምሳ ዕቃዋም እንደሞላ ይመለሳል። ምን ይሻለኛል?

ያራዳ ልጅ፦
ቆንጠጥ አድርጊያት። እኛ በአርጩሜ ነው የተማርነው፣ ምን ሆንን?

ጡረተኛው መምህር፦
ብዙ ነገር ሆነናል፣ ወንድሜ። እኔ ራሴ ስገርፍ ከነበሩት አንዱ ነኝ።

ልጄ፣ 60 እና 70 ተማሪ ባለበት ክፍል የሚረብሸውን ልጅ ስም በመጀመሪያው ሳምንት ታውቂዋለሽ። ዝምተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይታይ ያልፋል። ሰርተፍኬቱ ላይ «ጠባይ፦ ኤ» ብዬ ሞልቼ እሸኘው ነበር። ተራ በተራ ሳስነብብ አንድ ልጅ ተራው ሊደርስ ሁለት ዴስክ ሲቀረው ሁልጊዜ ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። ሰነፍ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ከኋላ ጀምሬ ሳስነብብ ሳያስበው ደረሰው። መጽሐፉ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያኔ ነው ያየሁት።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። የሚያማትን ቀን ከክፍለ ጊዜ ፕሮግራሟ ጋር አስተያዪው።

ነርሷ ከአዘዞ፦
እህቴ፣ ሕመሙ ውሸት አይደለም። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ ለመሮጥ ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድ ይቆርጣል። ሰገራ ምርመራ ላይ ይሄ አይታይም።

ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ምን ሆንሽ?» አትበያት። ፀጉሯን ስትሠሪ ጠይቂያት፤ ዓይን ለዓይን ካልተያያችሁ ይቀላታል። ተኩስ አስፈርቷት እንደሆነም ጠይቂ፣ ከተማችን ያየችውን ታውቂዋለሽ። ቤት ግን አታስቀሪያት። ዛሬ ብትቀር ለዛሬ ትገላገላለች፣ ነገ ፍርሃቱ ይብሳል።

ለሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ከነሳት ወይ ጭራሽ አልሄድም ካለች፣ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «እዚያ የሚሄደው እብድ ነው» የሚሉሽን አትስሚ። ጸበልም ካስጠመቅሻት ሁለቱም ይሄዳሉ፣ አንዱን ለሌላው ብለሽ አትተዪ።

የማራኪዋ እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞና ረቡዕ ነው የሚያማት። ሁለቱም ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው!

ትናንት ሹሩባ ስሠራት ጠየቅኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ሰሌዳ ላይ ቢን ገልብጬ ዲ አደረግኩት፣ ሁሉም ሳቁ» አለችኝ። መቼ? ጥቅምት ላይ። አሁን እኮ የካቲት ነው! እኔ ደግሞ ወስፋት እያልኩ።

ለመምህሯ ደብተሯ ላይ ማስታወሻ ልጻፍላት ወይስ በአካል ልሂድ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትምህርት ቤት ስጠራ እኔም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
በአካል ሂጂ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ግን አይደለም፣ ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ። ክስ እንዳይመስልባት ለብቻዋ አግኚያት። የምትጠይቂያት ትንሽ ነገር ነው። ለጊዜው ድንገት ወደ ሰሌዳ አትጥራት። መጀመሪያ ለመምህሯ ብቻ ታንብብ፣ ስትለምድ ለዴስክ ጓደኛዋ፣ ከዚያ ለረድፏ። ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ስትሳሳት የሳቀውን ደግሞ መምህሯ ዝም አትበለው።

ደብተሩንም ይዘሽ ሂጂ፣ የተቀደደውን ገጽ ገልጠሽ። መናገር ካቃተሽ እሱን አሳዪያት።